የአባቴ እጩ

የአሜሪካ ምርጫና ጥቅምት 24 አንድ ቀን ላይ እንደዋሉ ስንቶቻችን እናስታውሳለን? እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 2020 ማለት በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። እነሱ ድምፅ ሰጥተው ቆጠራ ሲጀምሩ እኛ ጋ ሌሊቱ ተጋምሶ ነበር። በዚያው ሌሊት ትግራይ ውስጥ የሰሜን ዕዝ ተጠቃ፤ ጦርነቱም ተጀመረ።

በማግሥቱ ጠዋት አባቴ ከገጠር ደወለልኝ። ቤታችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤቱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ስለሆነ፣ ሲደውል ሁልጊዜ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"ሰውየው ወረደ?" አለኝ መጀመሪያ። ትራምፕን ነው። ገና እየቆጠሩ እንደሆነ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና "ወደ ሰሜን ደሞ ነገር ተበላሽቷል አሉ" አለኝ።

ያን ስልክ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። በቆሎና በርበሬ የሚያርስ ሰው፣ አገሩ ጦርነት በገባችበት ጠዋት መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ዋሽንግተን ነው። ያኔ ሳቄ መጥቶ ነበር። አሁን ግን ጥያቄው የዋዛ እንዳልነበር ይሰማኛል። እኛ ኢትዮጵያውያን የአሜሪካን ፕሬዚዳንት "ስንመርጥ" ቆይተናል፤ ድምፅ ሳይኖረን። ለምን እንደምንመርጥና የመረጥነው ሰው ምን እንዳደረገልን ወይም እንዳደረገብን የአባቴን ሬዲዮ ይዤ ወደ ኋላ ልሂድ።

አንድ ዓረፍተ ነገር

አባቴ በ2013 የባይደን ደጋፊ ነበር። ስለ ባይደን ግን የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የሚያውቀው ትራምፕ የተናገረውን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ጥቅምት 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ትራምፕ ቢሮው ቁጭ ብሎ፣ ጋዜጠኞች ፊት፣ ከሱዳኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ከአብደላ ሐምዶክና ከእስራኤሉ ከቤንያሚን ኔታንያሁ ጋር በስልክ ያወራ ነበር። ወሬው ስለ ሱዳንና እስራኤል እርቅ ነው። መሐል ላይ ስለ ህዳሴ ግድብ አነሳና ግብፅ በዚህ መቀጠል እንደማትችል፣ መጨረሻ ላይም ግድቡን እንደምታፈነዳው ተናገረ። ኢትዮጵያ በየካቲት 2012 ዋሽንግተን ላይ የቀረበላትን ስምምነት ስላልፈረመች፣ አሜሪካ ከዚያ በፊት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እርዳታ አግዳ ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በማግሥቱ የአሜሪካን አምባሳደር ጠርቶ ማብራሪያ ጠየቀ።

ይህን ሁሉ አባቴ የሰማው በዚያው በአሜሪካ ድምፅ ነው። የአማርኛው ስርጭት ያኔ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይገባ ነበር። እኛ ቤት እራት ከዚያ በፊት ያልቅ ነበር፤ ሬዲዮው ሲከፈት ልጅ አይንጫጫም ነበር። ከምሽቱ 1 ሰዓት የጀርመን ድምፅ፣ 3 ሰዓት የአሜሪካ ድምፅ፤ ሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ የእራትና የከብት ነበር።

ግድቡ ደግሞ ለአባቴ የሩቅ ወሬ አይደለም። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲቀመጥ የቦንድ ሽያጭ እስከ ገበሬ መንደር ወርዶ ነበር። አባቴም የበርበሬ ገንዘቡን ይዞ ሄዶ ገዛ። የቦንዱን ወረቀት ከመሬት ደብተሩ ጋር በላስቲክ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ አስቀምጦታል። እና አንድ ሰው፣ ያውም የአሜሪካ ፕሬዚዳንት፣ "ያፈነዱታል" ሲል ምን ይሰማዋል ብላችሁ ነው? የዚያን ዕለት የባይደን ሆነ።

ቀድሞስ ማንን መረጥን?

ነገሩ በአባቴ አልተጀመረም። ዓባይ ጎጃምን እንደ ቀለበት ይዞር እንጂ፣ ወንዙን በሳይንስ አጥንተው መጽሐፍ ካደረጉት መካከል አሜሪካኖች ይገኙበታል። የአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1964 የዓባይን ተፋሰስ አጥንቶ 17 ጥራዝ ሪፖርት አስረከበ። በዋናው ወንዝ ላይ አራት የግድብ ቦታዎች ጠቆመ፤ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና ቦርደር። የመጨረሻው ዛሬ ህዳሴ ግድብ ካለበት አካባቢ ነው።

አይዘንሃወር ይህን ጥናት ያስጀመረው ለጎጃም ገበሬ አዝኖ አልነበረም። የግብፁ ናስር ለአስዋን ግድብ ከሶቪየት ኅብረት ገንዘብ ያገኘው በዚያው በ1958 ነው። ጥናቱ የዚያ ሽኩቻ አንድ ካርታ ነበር። ሽኩቻው ሲቀዘቅዝ 17ቱ ጥራዞች መደርደሪያ ላይ ቀሩ። የጠቀሙንም የረሱንም በአንድ ዓይነት ምክንያት ነበር፤ በራሳቸው ምክንያት።

ከዚያ ካርተር መጣ። ጂሚ ካርተር በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1977 ለደርግ የሚሰጠው ወታደራዊ እርዳታ እንዲቀነስ አደረገ። ደርግም በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. አስመራ የነበረውን የቃኘው ጣቢያና ሌሎች የአሜሪካ ተቋማትን ዘጋ፤ ወደ ሞስኮ ዞረ። በዚያን ጊዜ ካርተርን "የኔ እጩ" ያለ ኢትዮጵያዊ ቢኖር እንኳ ጮክ ብሎ አይናገርም። የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል የተከፈተው ከዚህ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1982፣ በሬገን ጊዜ ነው። እሱም የቀዝቃዛው ጦርነት ልጅ ነው። አባቴ ያኔ ጎረምሳ ነበር፤ ድምፁን ቀንሶ፣ በር ዘግቶ ነው የሰማው።

ኦባማ ሲመረጥ ግን በር የዘጋ አልነበረም። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ 2001 ዓ.ም. ነው። መንደራችን ውስጥ አንድ ጥቁር ወይፈን "ኦባማ" ተባለ። ያ ወይፈን ኋላ በሬ ሆኖ ለብዙ ክረምት አርሷል። አባቱ ኬንያዊ ነው፣ ጎረቤት ማለት ነው፣ ስለዚህ የእኛ ነው፤ ሒሳቡ ይሄው ነበር።

በግንቦት 2007 በተደረገው ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የምክር ቤት ወንበር ወሰዱ። በሐምሌ ኦባማ አዲስ አበባ መጣ፤ ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ የኢትዮጵያን መንግሥት በዲሞክራሲ የተመረጠ ሲል ጠራው። አባቴ ሬዲዮውን ዘጋ። የሬዲዮው ሰዓት ሳያልቅ ሲዘጋ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። "547 ከ547? የእኛን ቀበሌ እድር ሊቀመንበር እንኳ ሁሉም ሰው አይመርጠውም" አለ።

እናቴ እንዲህ ሲበሳጭ አንድ ተረት አላት፤ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።"

የእኛ ካርድ

ታዲያ ለምን ሰማይ ላይ ላም እናረባለን? እኔ እንደሚመስለኝ መልሱ ያለው አሜሪካ አይደለም። እዚሁ ጎጃም ነው።

በኢትዮጵያ ሕዝብ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን በቀጥታ መምረጥ የጀመረው ከ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በኋላ ነው። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተካሄደ። ፓርቲ የሚባል የለም፤ ንብረት የሌለው ሰው ሊወዳደር አይችልም። ገበሬው መርጧል፤ ግን የመረጠው ሰው አዲስ አበባ ገብቶ ምን እንዳለ የሚሰማበት መንገድ አልነበረውም።

ከዚያ በ1960 ያ ምክር ቤት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅን አጸደቀ። የጎጃም ገበሬ አዋጁን የሰማው ግብር ገማቾቹ ሲመጡበት ነው። መሬት ሊለካብን፣ ርስታችን ሊነካ ነው ብሎ አመፀ፤ በተለይ ሞጣና ዳሞት። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም ላከ፤ መንደሮች ተደበደቡ። አመፁ ግን አልበረደም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ ተነሡ፤ አዲሱ ግብር በጎጃም መሰብሰብ አልተቻለም፤ ንጉሠ ነገሥቱም የቆየውን ውዝፍ ማሩ። ታሪኩን በዝርዝር ማንበብ የሚፈልግ የገብሩ ታረቀን ጥናት ይመልከት።

አያቴ ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ "ተወካያችን" የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። እንደራሴ መርጠው ነበር፤ ሲከፋቸው የሄዱት ግን ወደ እንደራሴው ሳይሆን ወደ ጫካ ነው። ይህ ጀግንነት ሊባል ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ይባላል። እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል፦ ለመጠየቅ ብቸኛው መንገድ ጠመንጃ የሆነበት ሰው ድምፁን ሰጥቷል አይባልም።

አባቴ ከልቡ የመረጠው አንድ ጊዜ ነው፤ ግንቦት 7 ቀን 1997። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ሰልፍ ይዞ፣ ሁለት ጣት ላለበት ለቅንጅት ምልክት ሰጠ። ንብ የኢሕአዴግ ነው። ያን ምርጫ ለመታዘብ ከመጡት የውጭ ሰዎች አንዱ ካርተር ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ውጤቱ አወዛገበ፣ ሰው ሞተ፣ መሪዎቹ ታሰሩ። አባቴ ከዚያ ወዲህም ድምፅ ሰጥቷል። በ2013ም ሰጥቷል። ግን ለማን እንደሰጠ ጠይቄው አያውቅም፤ እሱም ነግሮኝ አያውቅም። የአሜሪካውን ግን ሳልጠይቀው ይነግረኛል።

እንግዲህ አየሁት። እዚህ ያጣውን ነገር እዚያ ነው የሚያየው። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ቁጭ ብሎ ተቆጥሮበት፣ ተሸንፎ፣ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ። "ሰውየው ወረደ?" የሚለው ጥያቄ ውስጥ ትልቁ ቃል "ሰውየው" አይደለም፤ "ወረደ" ነው።

ስለ አቆጣጠራቸው ሳስረዳው ግን ተጣልተናል። 538 ወኪል መራጮች እንዳሉ፣ 270 ያገኘ እንደሚያሸንፍ፣ በ2016 ሂላሪ ክሊንተን 2.9 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ በልጣ እንደተሸነፈች ነገርኩት። "ብዙ ያገኘ ተሸነፈ? ታዲያ እነሱስ ከኛ በምን ይለያሉ?" አለኝ። "ተሸናፊዋ አልታሰረችም" አልኩት። ይህን ተቀበለ።

ቨርጂኒያ

ባይደን አሸነፈ። አባቴ ደስ አለው። ደስታው ዓመት አልሞላም።

ጦርነቱ ተስፋፋ። መስከረም 7 ቀን 2014 ባይደን በጦርነቱ ተሳታፊዎች ላይ ማዕቀብ ለመጣል የሚያስችል ትእዛዝ ፈረመ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምትልክበት ዕድል፣ እንደምትወጣ አስታወቀ። ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነ። የጎረቤታችን ልጅ በአንድ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፊ ነበረች። በዚያው ዓመት ሥራዋን አጥታ፣ አንድ ሻንጣ ይዛ ተመለሰች። አባቴ ለዚህ ነገር ትንታኔ አላስፈለገውም።

አጋጣሚ ሆኖ ጥቅምት 23 ቀን 2014 የቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ ቀንም ነበር። ቨርጂኒያ የሚኖረው አጎቴ ከሃያ ዓመት በላይ ለዴሞክራቶች ሲመርጥ የኖረ ሰው ነው። የዚያን ዕለት ግን ለሪፐብሊካኑ ለግሌን ያንግኪን ሰጠ። ብቻውን አልነበረም፤ የኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን ቡድኖች በባይደን ላይ ያላቸውን ቁጣ ለማሳየት ለያንግኪን ቀስቅሰዋል። ያንግኪን ቴሪ ማኮሊፍን በ64 ሺህ ድምፅ ገደማ አሸነፈ። የሐበሻው ድምፅ ስንቱን እንደነበር በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም፤ አጎቴ ግን "እኛ ነን የጣልነው" ይላል።

ለአባቴ ይህን ስነግረው የጠየቀው ጥያቄ እስካሁን አብሮኝ አለ። "ያ ገዥ አጎዋን ሊመልስ ይችላል?" አይችልም። የክፍለ ግዛት ገዥ ነው፤ ከአጎዋ ጋር ምንም አያገናኘውም። "ታዲያ ምን ጠቀመው?" አለ። ትንሽ ካሰበ በኋላ ራሱ መለሰ፤ "ቢያንስ እሱ ሲናደድ የሚያደርገው ነገር አለው።"

በአጎቴና በአባቴ መካከል ያለው ልዩነት ይሄ ነው። ሁለቱም ስለ አንድ አገር ተናደዱ። አንዱ ቁጣውን ሳጥን ውስጥ ከተተው፣ ተቆጠረለት። ሌላው ሬዲዮ አጠገብ ተቀምጦ ራሱን ነቀነቀ።

ዝምታ

በሐምሌ መጨረሻ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ስልክም ይመጣል ይሄዳል። ነሐሴ 7 ፍኖተ ሰላም ላይ ፍንዳታ ደረሰ። ቢያንስ 26 ሰው መሞቱን የሆስፒታል ምንጮች ለዓለም አቀፍ ዜና ማሰራጫዎች ተናገሩ። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ለሦስት ቀን ቤተሰቦቼን ላገኛቸው አልቻልኩም። አባቴ ፍንዳታው በደረሰበት ቀን ቤቱ ነበር፤ ከተማዋ በእግር የምትደረስ ናት። ምን እንደሆነ በደንብ የሰማው ግን ማታ፣ በሬዲዮ፣ ከዋሽንግተን ነው። የራስህን ከተማ ዜና 11 ሺህ ኪሎ ሜትር ዞሮ ሲመጣ መስማት ምን እንደሚመስል እሱ ነው የሚያውቀው።

በጥቅምት 2017 የአሜሪካ ምርጫ ሲመጣ አባቴ ወደ ትራምፕ ዞሮ ነበር። "ግድቡን ያፈነዱታል ያለው ሰውዬ እኮ ነው" አልኩት። "ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል" አለኝ። ባይደን ሰው ሲያልቅ ዝም አለ፤ ካማላ ሃሪስም የሱ ሰው ናት፤ ትራምፕ ቢያንስ በሆዱ ያለውን ይናገራል። አባቴ ያለው ይህን ነው። ጥቅምት 26 ትራምፕ አሸነፈ። የአባቴ እጩ ለሁለተኛ ጊዜ ገባ፤ በየጊዜው ሌላ ሰው ቢሆንም።

ከአራት ወር በኋላ፣ መጋቢት 5 ቀን 2017፣ ትራምፕ የአሜሪካ ድምፅን የሚያስተዳድረው ተቋም ሥራው በሕግ ከሚያስገድደው በላይ እንዳይሆን ትእዛዝ ፈረመ። በማግሥቱ 1,300 የሚሆኑ የጣቢያው ሠራተኞች ሥራ እንዲያቆሙ ተነገራቸው። የእኛ ቤት ሬዲዮ 3 ሰዓት ላይ ሹሹታ ብቻ ሆነ።

አባቴ መጀመሪያ ባትሪ ድንጋዩን ቀየረ። ቀጥሎ አንቴናውን በሽቦ አስረዘመ። ከዚያ ጉብታው ላይ ወጥቶ ደወለልኝ። "ጣቢያው ቦታ ቀይሮ ነው?" አለኝ። ማን እንደዘጋው ስነግረው ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። የሰማሁት ንፋሱን ብቻ ነው። "እኔ እኮ ደግፌው ነበር" አለ በመጨረሻ፤ ልክ ትራምፕ ሊያውቅ ይገባው እንደነበር ሁሉ።

በዚያ ሰሞን ስለ ካርተር አሰብኩ። በታኅሣሥ 2017፣ በ100 ዓመቱ ሞቶ ነበር። ማንም ጎጃሜ "የኔ እጩ" ያላለው ያ ሰው፣ ከሥልጣን ከወረደ በኋላ ያቋቋመው ማዕከል በአማራ ክልል የዓይን ማዝን ለማጥፋት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቷል። እናቴ ድሮ ወደ ውስጥ የዞረ ሽፋሽፍቷን በወረንጦ ስትነቅል አስታውሳለሁ። በየዓመቱ መድኃኒቱ ሲታደል ተሰልፋ ትውጣለች። ማን እንደላከው ጠይቃ አታውቅም። ቤታችን ድረስ የመጣው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እሱ ነው፤ የመጣውም በምርጫ ሳይሆን በምርጫ ከተሸነፈ በኋላ ነው።

ይህን የምለው ካርተርን ለማመስገን ብቻ አይደለም። ከእዚህ ሆነን እጩ ስንይዝ፣ ሰውየው ስለኛ የተናገረውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው የምንይዘው። ዓረፍተ ነገሯ ስትቀየር እኛም እንቀየራለን። እሱ ግን በእኛ ምክንያት አልገባም፣ በእኛ ምክንያት አይወጣም። ደጋፊ እንጂ መራጭ አይደለንም። መራጭ ማለት ሲከፋው ተመልሶ የሚጠይቅ ነው።

ወረቀቱ

ባለፈው ክረምት ትራምፕ ስለ ህዳሴ ግድብ እንደገና ተናገረ፤ በአሜሪካ ገንዘብ ነው የተሠራው አለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ግድቡ ተመረቀ። ለአዲስ ዓመት አገር ቤት ስገባ ይህን ለአባቴ ነገርኩት። እንደሚናደድ ጠብቄ ነበር።

አልተናደደም። ተነስቶ ሳጥኑን ከፈተ፤ ላስቲኩን ፈታ፤ የቦንዱን ወረቀት አወጣና ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፤ ማኅተሙ ግን ይነበባል። "ወረቀቱ እኔ ዘንድ ነው" አለ።

ማታ 3 ሰዓት ሲሆን በልማድ ሬዲዮውን አየው፤ አልከፈተውም። ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ ለ2018 እንደታቀደ ሰምቷል። ወረቀቱን መልሶ እየጠቀለለ ጠየቀኝ፤ "የእኛን ወረዳ በምክር ቤት የሚወክለው ማን ነው?"

ስለ 538ቱ ወኪል መራጮች፣ ስለ 270፣ ስለ ቨርጂኒያ ልነግረው እችል ነበር። ይህን ግን አላወቅኩም። እሱም አላወቀም። የስልኬን ኔትወርክ ለመፈለግ ሁለታችንም ወደ ጉብታው ወጣን።